መጀመሪያ በራስ ክንድ

«ኧረ በእግዚአብሔር ይዤዎታለሁ! ምላጩን ያስቀምጡት!»

ጩኸቱ የመጣው ከጎረቤቴ ከአያ ደመላሽ ግቢ ነው። የጀመርኩትን ቀሚስ የስፌት መኪናው እንደነከሰው ትቼ በአጥራችን ሽንቁር ሾልኬ ገባሁ። ያየሁትን ሳይ ልሳቅ ወይስ እኔም ልጩኽ ብዬ ትንሽ ተቸገርኩ። ነጭ ጋዋን የለበሰች ወጣት ወይራው ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጣለች፤ ግንባሯ መካከል ላይ የአያ ደመላሽ የዋግምት ቀንድ ተጣብቆ ቆሟል። እርሳቸው በቀኝ እጃቸው ምላጭ ይዘው፣ የግራ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ከክንዳቸው ላይ ቀጭን ደም እየወረደ፣ ከልጅቷ ይልቅ ደንግጠው ቆመዋል።

«ምን አደረጓት?» አልኩ።

«እኔ ምን አድርጌ! ገና አልነካኋትም እኮ» አሉ። «ምላጩን እንደ ልማዴ በገዛ ክንዴ ስሞክር አይታ ነው የጮኸችው። አንቺ ልጅ፣ ደም የምትፈሪ ከሆነ ምነው ልትታገሚ መጣሽ?»

«ልታገም አልመጣሁም!» አለች፤ ስትናገር ቀንዱ አብሯት ይነቀነቃል። «ደምም አልፈራም! የጤና ጣቢያው የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። እንዴት እንደሚሠሩ ያሳዩኝ ብዬ ጠየቅኩ፤ ተቀመጪ አሉኝ፤ ተቀመጥኩ።»

«ታዲያ ሳትቀመጪ በምን ላሳይሽ ኖሯል?»

ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ልጅቷ ሂዊ ትባላለች፤ የጉንደ ወይን ልጅ ናት፤ እኛ ዘንድ ደብረ ኤልያስ ተመድባ ከመጣች ብዙም አልቆየች። በዋዜማው ስፌት ቤቴ ጎራ ብላ «በዚህ ሰፈር ዋግምት የሚያግም ማን ነው?» ስትለኝ፣ «ጎረቤቴ አያ ደመላሽ ናቸው፤ ጠዋት ነይና አብረን እንገባለን» ብያት ነበር። እሷ ግን ከቀጠሮው ቀድማ መጥታ ብቻዋን ገባች። ገና «የመጣሁት ስለ ደም ጉዳይ ነው» ስትል አያ ደመላሽ ቀሪውን መስማት አላስፈለጋቸውም። እርሳቸው ግቢ ስለ ደም የሚመጣ ሰው የሚመጣው ለአንድ ነገር ብቻ ነው።

አያ ደመላሽን የማያውቅ ካለ ላስተዋውቀው። በገበያ ዕለት ማለዳ በራቸው ላይ ሰው ተደርድሮ ይታያል፤ ራሱን የሚፈልጠው፣ ወገቡን የያዘው፣ ትከሻው የከበደው። ቀንዱን ከአባታቸው ወርሰውታል። ሳያማትቡ ምላጭ አያነሱም፤ ከክፉ ቃል የራቁ ሰው ናቸው። እኔ ብቻ፣ ስምንተኛ ክፍል ድረስ በመማሬ ሰውን የማብሸቅ ፈቃድ ያገኘሁ ይመስል፣ «ስምዎ ደመላሽ፣ ሥራዎ ደም አፍሳሽ» እያልኩ አስቃቸዋለሁ።

ዘንድሮ ግን ሳቃቸውም ደክሞ ነበር። ከምሳ በኋላ ጋደም ሳይሉ አይውሉም። በሰንበቴ ከሁሉ ኋላ የሚነሱት ሰው አሁን ጸበሉን ቀምሰው ወዲያው ወደ ቤት ይላሉ። ምክንያቱን ሲጠየቁ በጣሪያቸው ጥግ የምታድረውን የሌሊት ወፍ ይወቅሳሉ። «ያቺ ወፍ ናት እላዬ ላይ እየሸናች ያደከመችኝ፤ የወፍ በሽታ ነው» ብለው አልጋቸውን ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ሲያዞሩ ከረሙ። ባለቤታቸው እትዬ ሽታዬ «አልጋውን እየተሸከሙ ነው የደከሙት» ይላሉ። ውስጥ ውስጡን ግን ሴትዮዋ እንደሚሰጉ አውቃለሁ። ማታ ማታ ባላቸው ሲተነፍሱ ማዳመጥ ጀምረዋል።

አያ ደመላሽ የቀንዱን ጫፍ የደፈነውን ሰም በጥፍራቸው አነሱት፤ ቀንዱ ጷ ብሎ ለቀቀ። በሂዊ ግንባር ላይ የቡና ስኒ አፍ የሚያህል ቀይ ክብ ቀረ። በዚያ ክብ ነው እንግዲህ ጠዋቱን ሙሉ ስታስተምረን የዋለችው። እትዬ ሽታዬ ውሃ አመጡላት፤ ክቡን አይተው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«አባባ» አለች ሂዊ ውሃዋን ጠጥታ፣ «አሁን የመጣሁበትን ልንገርዎት። ሄፓታይተስ ሲ የሚባል የጉበት በሽታ አለ። ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው በደም ነው። ሰው ሁሉ እኩል አያሰጋውም፤ ይበልጥ የሚያሰጋቸው አሉ። ሌላው በተወጋበት መርፌ የተወጉ፣ ድሮ ሳይመረመር ደም የተሰጣቸው፣ በአንድ ምላጭ ተራ በተራ የተበጡ፣ እንጥላቸውን የተቆረጡ፣ ድዳቸውን የተነቀሱ። እነዚህን እየፈለግን መመርመር እንፈልጋለን።»

አያ ደመላሽ ምላጫቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ጎናቸው አስቀመጡ።

«ልጄ፣ ነገርሽን በማር ለወስሽው እንጂ ክስ ነው። ደመላሽ ሰው ሲያሳምም ኖሯል ነው የምትዪኝ።»

«ልከስዎት አልመጣሁም አባባ፤ ልለምንዎት ነው የመጣሁት። እኔ ልጅ ነኝ፤ አገሬውም አያውቀኝም። ኑና ልመርምራችሁ ብል ማን ይመጣል? በዚህ አካባቢ የታገመ ሰው ሁሉ ግን ይህን በር ያውቀዋል። እርስዎ ከጠሩት ይመጣል።»

«የሚመጣውማ ስለሚሻለው ነው። አባቴ አግሟል፤ አያቴ አግሟል። ሰው ተሸክመውት መጥቶ በእግሩ ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ። ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ስንገድል ነው የኖርነው?»

«ቀለለን ያሉትን ሰዎች ውሸታም አልልም። ዛሬ ስለ ቀንዱ አልከራከርዎትም፤ የምጠይቅዎት ስለ ምላጩ ነው። አንዱን በጥተው ሲጨርሱ ምላጩን ምን ያደርጉታል?»

ይህ ጥያቄ ለአያ ደመላሽ የተመቸ ነበር። ቀና ብለው ተቀመጡ።

«አጥበዋለሁ! አንድም ቀን ሳላጥብ ወደ ሌላ ሰው አልሄድኩም። ያውም በውሃ አይደለም፤ በአረቄ። ሽታዬ ራሷ ባወጣችው፣ እሳት በሚነድበት አረቄ።»

«ለዚያ ነዋ አረቄዬ የሚጎድለው!» አሉ እትዬ ሽታዬ። «እኔ ተደብቀው የሚጠጡት መስሎኝ ስንቱን ቀን ተቀየምኩዎት!»

«ጠይቀሽኝ ቢሆን እነግርሽ አልነበር?»

«እኔማ ለምላጭ ነው ብባል አላምንም ነበር።»

ሁላችንም ሳቅን። ሂዊ ግን ሳቋን ቶሎ ሰበሰበች፤ እንዲህ ስትሆን ደስ ትላለች።

«ማጠብዎ የሚያስመሰግን ነው አባባ፤ ልብዎ ንጹሕ ስለሆነ ነው። ግን አረቄ ምላጩን ለዓይን ነው የሚያነጻው። ይህ ተውሳክ በዓይን አይታይም። ስለቱ ሥር፣ እጀታው ስንጥቅ ውስጥ፣ በደረቀች የደም ጠብታ ውስጥ ተደብቆ ይቆያል። ቀንዱም ደም ይገባበታል፤ እርስዎ ደግሞ አየሩን የሚስቡት በአፍዎ ነው። ለዚህ ነው እኛ ዘንድ አንድ ሰው የተወጋበት መርፌ ለሌላ ሰው የማይደገመው፤ እዚያው ይጣላል።»

«አንዴ ወግቶ መጣል? ምን ዓይነት አባካኝነት ነው! ምላጭ ይሳላል እንጂ ይጣላል?»

«ምላጩ ይርከስብን አባባ፤ ሰው ነው የሚወደደው።»

አያ ደመላሽ ወደ ጣሪያቸው አመለከቱ።

«እሺ፤ የጉበት በሽታ የምትዪው እኮ የወፍ በሽታ ነው። የወፍ በሽታ ደግሞ ከወፍ ነው። የበሽታው ባለቤት ያቻትልሽ፣ ተሰቅላ። እሷን ትተሽ እኔን ትመረምሪያለሽ?»

«የሌሊት ወፏ በዚህ ጉዳይ የለችበትም» አለች ሂዊ፤ ክቧን እየዳሰሰች። «ዓይን ቢጫ ሲሆን ሰው የወፍ በሽታ ነው ይላል እንጂ ወፍ አታመጣውም። ጉበት ሲታመም ነው ዓይን ቢጫ የሚሆነው። ይሄኛው በሽታ ደግሞ ብዙ ጊዜ ዓይንን እንኳ ቢጫ ሳያደርግ ዓመታት ይቀመጣል። ድካም ድካም ይላል፤ ምግብ ያስጠላል፤ ወይም ምንም አይል። ቆይቶ ግን ሳይታከም ሲቀር ጉበቱን ያጠነክረውና ሆድ ውሃ ይቋጥራል፤ አንዳንዱን ሰው ወደ ካንሰር ያደርሰዋል።»

«ድካም» የሚለው ቃል ሲነሳ እትዬ ሽታዬ የውሃውን ጣሳ እንደያዙ ቆሙ። እኔም ወደ አያ ደመላሽ አየሁ። እርሳቸው ወደ ማንም አላዩም።

«ያልታየ በሽታ ምን በሽታ ነው?» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ዓይኔ ነጭ ነው፤ እዪው! እበላለሁ፤ እተኛለሁ። ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ጉበቴ ብቻ ተለይቶ ይታመማል?»

እዚህ ላይ ዝም ማለት አልሆነልኝም። የተማረ ሰው ባለበት አቋርጦ መግባት ነውር መሆኑን ባውቅም፣ የፋሲካው በሬ ትዝ አለኝ።

«አያ ደመላሽ፣ የፋሲካውን ቅርጫ ረሱት?»

«የትኛውን?»

«ያን ቀዩን በሬ። ገበያ ላይ እርስዎ ራስዎ ጎኑን መታ መታ አድርገው ‹ይሄ በሬ ድምቡሽ ያለ ነው› ብለው ያስገዙንን። ታርዶ ሲከፈት ጉበቱ ምን ሆኖ ተገኘ?»

አያ ደመላሽ ጢማቸውን ዳሰሱ። የቅርጫው ጉበት ከፋፋይ እርሳቸው ናቸው፤ ያን ዕለት ያን ጉበት አንስተው በፀሐይ አይተው «ይሄ ለውሻም አይሰጥ» ብለው የቀበሩትም እርሳቸው ናቸው። ሁላችንም ያለ ዱለት ዋልን።

«ጠጠር ጠጠር ብሎ ነበር» አሉ በዝግታ።

«በሬውስ? ዓይኑ ቢጫ ነበር? መብላት አቁሞ ነበር?»

«ሲያርስ ከርሞ ነው የመጣው» አሉ፤ ከዚያ ወደ ሂዊ ዞረው፣ «ይህችን ጎረቤቴን ምን ሰጥተሽ ነው ከጎንሽ ያሰለፍሻት?» አሏት።

«የበሬው ሌላ በሽታ ነው አባባ፤ ነገሩ ግን አንድ ነው» አለች ሂዊ። «ጉበት ቻይ ነው፤ እስኪያቅተው ድረስ አይናገርም። እኛ ከበሬው የምንሻለው ሳንታረድ ማወቅ ስለምንችል ነው። ከጣት ጫፍ አንዲት የደም ጠብታ ትበቃለች።»

ክርክሩ እዚህ ላይ ያለቀ መስሎኝ ነበር። አያ ደመላሽ ግን አንድ ነገር ከያዙ እንደ ሰም የሚጣበቁ ሰው ናቸው። «ሰዎቹን ልጥራልሽ፤ እኔን ግን ተዪኝ» አሉ። «እኔ በጪ ነኝ፤ የሚያሰጋው ተበጪውን ነው።»

ያን ጊዜ ሂዊ ከገባሁ ጀምሮ ስታየው የነበረውን ነገር አነሳች።

«ቅድም ክንድዎን ለምን በጡት?»

«ምላጩን ልሞክር ነዋ።»

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው?»

«ምን ማለትሽ ነው? በራሴ ሥጋ ሳልሞክር በሰው ልጅ ሥጋ ላይ ምላጭ ላሳርፍ? አባቴ ቀንዱን ሲሰጠኝ ያስማለኝ ይህንኑ ነው። ‹ደንዞ እንደሆነ መጀመሪያ አንተን ይመምህ› ነው ያለኝ። ሰው በተቀየረ ቁጥር ክንዴን ቧጨር አድርጌ፣ ደሙ ቀጥ ብሎ ከወረደ ነው የምቀጥለው።»

«ሰው በተቀየረ ቁጥር፣ በዚያው ምላጭ?»

«በዚያው ምላጭ።»

ሂዊ ክንዳቸውን አየች። እኛም አየን። ክንዳቸው ከአንጓው እስከ ክርኑ በቀጫጭን ጠባሳ እንደ ታረሰ ማሳ ተተልሟል። ይህን ክንድ ሁላችንም ስናየው ኖረናል፤ የክብር ምልክት ነበር፤ «አያ ደመላሽ ከራሳቸው የሚጀምሩ ሰው ናቸው» እያልን ለልጆቻችን አሳይተነዋል። በዚያ ሰዓት ግን እያንዳንዷ ጠባሳ በር ሆና ታየችኝ። ቀድሞ የታገመው ሰው ደም በምላጩ ስለት ተሳፍሮ የሚገባባት በር።

አያ ደመላሽም አዩዋት። ለካ ሰው በገዛ ክንዱ ላይ የተጻፈውን ለማንበብም አስተማሪ ያስፈልገዋል።

«እንግዲያው» አሉ ቀስ ብለው፣ «ከሁሉም የተቀበልኩት እኔ ነኝ ማለት ነው።»

«ይበልጥ የሚያሰጋዎት ነዎት አባባ። ይዞዎታል አላልኩም። ላይዝዎትም ይችላል።»

«የኔንስ ደም ለማን ሰጠሁ? ክንዴን የበጣሁበት ምላጭ አይደለም ወደ ሰው የሚሄደው?»

ይህን ሲሉ እጅጌያቸውን ክንዳቸው ላይ መለሱት። እትዬ ሽታዬ ጣሳውን አስቀምጠው ባላቸው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጡ።

«አልዋሽዎትም» አለች ሂዊ። «ሊሆን ይችላል። ማን ለማን እንደሰጠ ግን እርስዎም እኔም አናውቅም፤ ማወቅም አይቻልም። ሳያውቁ የሠሩት ነው፤ ያውም ለሰው አስበው። የሚቻለው ከዛሬ ወዲያ ያለው ነው። ደግሞ ይህን ሁሉ የምጨቀጭቅዎት በሽታው የሚድን ስለሆነ ነው። ኪኒን አለው፤ ወደ ሦስት ወር ገደማ በየቀኑ የሚዋጥ። በደንብ የዋጠው ሰው አብዛኛው ፈጽሞ ይድናል።»

«ይድናል?» አሉ እትዬ ሽታዬ፤ ከባላቸው ቀድመው።

«ይድናል እማማ።»

«እኛስ? በአንድ ገበታ ነው የምንበላው። እየተጎራረስን።»

«ይብሉ! ይጎራረሱ! በመብላት፣ በመጨባበጥ፣ በአንድ ዋንጫ በመጠጣት አይተላለፍም። ምላጭና መርፌ ብቻ አይጋሩ፤ የጥፍር መቁረጫም እንዲሁ። ለማንኛውም እርስዎም ይመርመሩ።»

እትዬ ሽታዬ በረጅሙ ተነፈሱ። «እንግዲህ በዚህ ሰበብ ማዕድ አልለይዎትም ማለት ነው» አሉ። አያ ደመላሽ ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ከልባቸው ፈገግ አሉ።

ቆየት ብለው ተነሡ። «አንቺ ልጅ፣ የገበያ ዕለት ማለዳ ዕቃሽን ይዘሽ ነይ። ሰዎቹ እዚህ በር ላይ ይሆናሉ። እኔ ሳልጀምር ግን ማንንም እንዳትነኪ። የዚህ ቤት ሥርዓት የታወቀ ነው።»

የገበያው ዕለት ጠዋት ጉም ሳይነሣ ሰው እንደ ወትሮው ወይራው ሥር ተሰበሰበ። ሂዊ ጓንቷን፣ ትንንሽ መርፌዎቿን፣ የመርፌ መጣያ ሳጥኗን ጠረጴዛ ላይ ደረደረች፤ ግንባሯ ላይ ክቡ ደብዝዞም ቢሆን ነበር። አያ ደመላሽ የበዓል ጋቢያቸውን ለብሰው ወጡ።

«ወገኖቼ፣ ዛሬ ቀንድ የለም፤ ዛሬ ጣት ነው» አሉ።

ማጉረምረም ተነሣ። በመጀመሪያው ወንበር የተቀመጡት የቅኔው መምህር የኔታ ፍቅረ ሥላሴ ናቸው፤ ራሳቸውን ስለሚያማቸው ከአያ ደመላሽ ደንበኞች ሁሉ የቆዩ።

«ደመላሽ፣ ምን ነካህ? እኔ ራሴን አሞኝ ብመጣ ጣቴን ልትወጋኝ ነው?»

«የኔታ፣ ራስዎን ያመመዎት ሌሊት በኩራዝ ሲያነቡ አድረው ነው፤ መነጽር ያጥልቁ ብያለሁ፤ እምቢ ብለዋል። ይህኛው ሌላ ጉዳይ ነው።» ከዚያ ክንዳቸውን ገልጠው፣ ሂዊ ያስረዳቻቸውን ሁሉ በራሳቸው ቋንቋ አስረዱ። የበሬውን ጉበት አልረሱም። የአረቄውን ጉዳይ ሲደርሱ ወደ ሚስታቸው አይተው አለፉት። በመጨረሻም፣ «ይህ ክንድ የሁላችሁንም ደም ቀምሷል። እናንተም የእኔን ቀምሳችሁ ይሆናል። ይቅር በሉኝ። ሳላውቅ ነው፤ አሁን ግን አውቄያለሁ፤ አውቄ ዝም ብል ነው የሚያስጠይቀኝ» አሉና በርጩማው ላይ ተቀምጠው ጣታቸውን ዘረጉ።

ሂዊ መርፌዋን ከእሽጉ አወጣች፤ ወጋች፤ መርፌዋን ሳጥኑ ውስጥ ጣለች። አያ ደመላሽ መርፌዋ ስትጣል በዓይናቸው ተከትለው፣ «አሁን ገባኝ» አሉ።

«ውጤቱን ለብቻዎ ነው የምነግርዎት፤ ለእያንዳንዱም ሰው እንዲሁ ነው» አለች።

«ለሌላው ለየብቻው ይሁን። የኔን እዚሁ ንገሪኝ።»

የደሙ ጠብታ የተጨመረባት መመርመሪያ ላይ ሁለት መስመር ወጣ። ሂዊ ለሁላችን እንዲሰማ አድርጋ፣ ይህ ማለት በሽታው አንድ ቀን እንደገባ እንጂ ዛሬም እንዳለ አያረጋግጥም፤ አንዳንዱን ሰው አካሉ ራሱ ያባርርለታል፤ ያንን የሚለየው ማርቆስ ሆስፒታል የሚደረግ ሌላ ምርመራ ነው አለች። ወይራው ሥር ያለው ሰው ሁሉ ወደ ደጃፉ የሚያይ መሰለኝ፤ እኔም ሳላውቀው የአጥሩን ሽንቁር አየሁ።

ያን ጊዜ የኔታ ፍቅረ ሥላሴ ከወንበራቸው ተነሥተው በርጩማው ላይ ተቀመጡ።

«በይ ልጄ፤ እሱ ስንት ዘመን ለእኛ ክንዱን ሲበጣ ኖሯል። ለአንዲት ጣት አንሰስትም።»

ከዚያ በኋላ ተራ የጠበቀ የለም። ግፊያ ሆነ። እኔም ተመረመርኩ፤ እትዬ ሽታዬም ተመረመሩ። ማን ተገኘበት፣ ማን አልተገኘበትም የሚለውን አትጠይቁኝ፤ የየሰዉ የራሱ ነው፤ ብናገር ሂዊ መርፌዋን ይዛ ትመጣብኛለች።

አያ ደመላሽ ማርቆስ ሄደው ሲመረመሩ በሽታው በደማቸው ውስጥ አለ ተባለ። ልጆቻቸው ተጋግዘው ሕክምናው ተጀመረ። ሲመለሱ ትንሽ የተከፉ መስለውኝ ጠጋ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ኪኒን ብቻ ናት» አሉኝ። «በቀን አንዲት ኪኒን። አትመርም፤ አታቃጥልም። ይህን ያህል ዘመን የተቀመጠ በሽታ በዚህች ይወጣል ቢሉኝ አፈርኩለት።»

ቢያፍሩም ከጠዋት ጸሎታቸው ጋር አጣምረው አንድም ቀን ሳያስታጉሉ ዋጡ። አረቄ ጉበትን ይጎዳል ስለተባሉ ደጁንም አልረገጡም፤ ለእትዬ ሽታዬም ጠርሙሱ የማይጎድልበት ዘመን መጣ። መድኃኒቱ ካለቀ በኋላ ቆይተው ደግመው ሲመረመሩ በሽታው ጠፍቷል ተባለ። ያን ዕለት እትዬ ሽታዬ እልልታውን ያቀለጡት ከመናኸሪያው ጀምረው ነው፤ ሰው ሙሽራ የመጣ መስሎት ወጣ።

ጥቅሙን ልዘርዝር ብል ከየት እጀምራለሁ? አያ ደመላሽ በሰንበቴ እንደገና ከሁሉ ኋላ ይነሣሉ። ጎህ ሲቀድ በመስኮቴ ሥር እንጨት ይፈልጣሉ፤ እትዬ ሽታዬ «ኧረ በሽታውን ለአንድ ጠዋት እንኳ መልሱልኝ» እያሉ ያማርራሉ፤ እኔም አብሬ አማርራለሁ። በሰፈራችን ፀጉር የሚቆረጥ ሰው አዲስ ምላጭ በኪሱ ይዞ ነው የሚሄደው። ድዷን ልትነቀስ የነበረች ሙሽራ ንቅሳቱን ትታው ድዷ እንደ ተፈጠረ አማረባት። ሕፃን ሲወለድ እንጥሉን የሚቆርጥ ሰው ከመጥራት ጤና ጣቢያ ይወሰዳል። የተመረመረው ሰው ወይ ነጻ ነኝ ብሎ በሰላም ተኛ፤ ወይ በጊዜ አውቆ መድኃኒቱን ጀመረ። ይህኛው በሽታ ክትባት የለውም፤ የዳነም ሰው እንደገና ሊይዘው ይችላል። ስለዚህ አጥራችን ንጹሕ ስለትና ምርመራ ብቻ ነው። ቀንዱ? ቀንዱ አሁን የእትዬ ሽታዬ የበርበሬ ዘር ማስቀመጫ ነው። የሌሊት ወፏም ጥጓ ላይ በክብር ታድራለች፤ አልጋው ወደ ቦታው ከተመለሰ ወዲህ የሚወቅሳት የለም።

በቀደም ሂዊ ልትጠይቃቸው መጣች። እኔም እንደ ልማዴ በሽንቁሩ ገባሁ። አያ ደመላሽ ሲመርቋት ቆዩና በመካከል አንድ ነገር ትዝ ያላቸው መሰሉ።

«ልጄ፣ አንቺ ቀኑን ሙሉ ሰው ስትወጊ ነው የምትውይው።»

«አዎ አባባ።»

«መርፌው አንዳንዴ አያመልጥሽም? ጣትሽን አይወጋሽም?»

«አንዳንዴ... እንጠነቀቃለን እንጂ...»

«እንግዲያው አንቺም ይበልጥ ከሚያሰጋቸው ውስጥ ነሽ።»

ሂዊ ወደ እኔ አየች። እኔ ወደ ወይራው አየሁ።

«ነን» አለች።

«ተመርምረሻል?»

ሂዊ የጋዋኗን ቁልፍ ትፈታና ትቆልፍ ጀመር። «ሥራው ሲበዛ... ነገ ነገ እያልኩ...»

እትዬ ሽታዬ በርጩማውን አምጥተው ወይራው ሥር አስቀመጡላት። ሂዊ ከቦርሳዋ አንዲት እሽግ መርፌ አወጣች፤ ተቀመጠች፤ የግራ ጣቷን ዘረጋች፤ በቀኝ እጇ የያዘቻት መርፌ እስክትጠጋ ድረስ ዓይኗ ደኅና ነበር፤ ከዚያ ጨፈነችው።

አያ ደመላሽ ጎንበስ ብለው አዩዋት። «ምነው ልጄ፣ ደም አልፈራም ብለሽኝ አልነበር?»

«የሰውን አልፈራም» አለች።